የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ማን አበላው? ዕዳውንስ ማን ይክፈል?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ጊዜ ስታገኙ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

«ቲቸር፣ ኮስት ሼሪንግ ሳልከፍል ኦርጅናል ዲግሪዬን ማውጣት እችላለሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ በኢንቦክስ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቻችሁ የጋምቤላ ልጆች ናችሁ፤ ከኢታንግ፣ ከአቦቦ፣ ከላሬ፣ ከጎደሬ፣ ከዚሁ ከከተማው። ለእያንዳንዳችሁ በአጭሩ መልሻለሁ። ግን ጥያቄው ከአጭር መልስ የሚበልጥ ታሪክ አለው። ይህ ዕዳ ከየት መጣ? ከእሱ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በማን ገንዘብ በሉ፣ አደሩ፣ ተማሩ? የደሃ ልጅስ በየትኛው ዘመን ነው የተሻለ የተደገፈው? ዛሬ እሱን እናውራ።

ከመጀመሪያው እንነሳ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት እየመሩት ሲከፈት ተማሪዎቹ በጣም ጥቂት ነበሩ። ትምህርቱ ነጻ፣ ማደሪያው ነጻ፣ ምግቡም ነጻ። ይህ ከንጉሡ ቸርነት ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 በኋላ በተለይ የተማሩትን ወጣቶች እየለቀመ ስለጨረሰ አገሪቱ ቢሮ የሚይዝ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድር ሰው አጥታ ነበር። ስለዚህ መንግሥት ተማሪውን የሚያበላው ነገ ሊቀጥረው ነው። ተማሪውም ሲመረቅ ሥራ አለው፤ ጥያቄ የለውም። ማንም ስለ «ዕዳ» አያወራም።

በዚያን ጊዜ የእኛ ጋምቤላ የት ነበረች? ገና የእንግሊዝና የሱዳን የንግድ ጣቢያ ነበረች። ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም በኩል መርከብ ይመጣል፤ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ እስክትወጣ ድረስ እንዲህ ነበር። አካባቢው የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት አካል ሲሆን ዋና ከተማው ደጋ ላይ ያለው ጎሬ ነው። እዚህ ቆላ ውስጥ የአኙዋው፣ የኑዌሩ፣ የማጃንጉ ልጅ ኮሌጅ ለመድረስ መጀመሪያ አንደኛ ደረጃ፣ ቀጥሎ ከቤተሰቡ ተለይቶ ሁለተኛ ደረጃ መጨረስ ነበረበት። ነጻው ምግብ የሚቀርበው አዲስ አበባ፣ ከግቢው በር ውስጥ ነው። በሩ ድረስ የሚያደርሰው ግን የለም።

ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። ድጋፉ ከበር ውስጥ ይጀምራል፤ የደሃው ችግር ግን ከበር ውጭ ነው። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ታሪክ ሁሉ በዚህች ነጥብ ዙሪያ የሚዞር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳል። ኢትዮጵያ ያኔ የራሷን ልጆች ብቻ አይደለም ያስተማረችው። በ1950 ዓ.ም. አክራ ላይ ነጻ የወጡት የአፍሪካ አገሮች ሲሰበሰቡ ንጉሠ ነገሥቱ ለሌሎች አፍሪካውያን ተማሪዎች 200 የትምህርት ዕድል ሰጥተዋል። ከኬንያ፣ ከታንጋኒካ፣ ከሌላም አገር ወጣቶች መጥተው አዲስ አበባ ተማሩ። እነዚህ ልጆች ከሚማሩት በላይ አስተማሩ ይባላል፤ ስለ ነጻነትና ስለ መብት በድፍረት የሚያወሩት የእኛን ተማሪዎች አነቃቅተዋልና። ለማንኛውም፣ ደሃ አገር ለጎረቤቷ ልጅ ከፍላ እንደምታውቅ ልብ በሉ። ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ነገሩ ተለወጠ። ተማሪው እየበዛ ሲሄድ አዳሪነቱ ቀረና በምትኩ ለተቸገሩ ተማሪዎች ወርኃዊ ድጎማ መስጠት ተጀመረ። ተማሪው ከግቢ ወጥቶ በየሰፈሩ ቤት ተከራየ። በወረቀት ላይ ስታዩት ብልህ አሠራር ነው፤ ያለው ራሱን ይቻል፣ የሌለው ይደጎም። ነገር ግን የአዲስ አበባ ልጅ እናቱ ቤት ይበላል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣው ግን ኪራይም ምግብም ከዚያችው ድጎማ ነው የሚያወጣው። ተማሪዎች በውሳኔው ክፉኛ ተቆጡ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተማሪው እንቅስቃሴ ወዴት እንደሄደ ታውቃላችሁ፤ የካቲት 1957 ላይ «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ።

በዚያው በ1957 ዓ.ም. ሌላ ነገር ተጀመረ። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባላል። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያገለግላል፤ አብዛኛው በየገጠር ከተማው ትምህርት ቤት ያስተምራል። እስከ አብዮቱ ዋዜማ ቀጠለ። ዛሬ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዕድሜ ያሉ አባቶችን ብትጠይቁ «ያስተማረኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር» የሚላችሁ አታጡም። በእኔ ዕይታ ይህ በአገራችን ታሪክ ከታዩት የአከፋፈል ዘዴዎች ብልሁ ነው። መንግሥት ያስተምርሃል፤ አንተ ደግሞ በጉልበትህና በዕውቀትህ ትከፍላለህ። ኪሱ ባዶ የሆነም አንድ ዓመት አለው፤ የሀብታም ልጅም የሚሰጠው ያንኑ አንድ ዓመት ነው።

ደርግ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሄደ። ሲከፈት የምግብና የማደሪያው ነገር እንደገና የመንግሥት ሆነ። ብዙ ሺህ ወጣቶችም ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ኩባ ሄደው ተማሩ። ከሁሉም እኛን የሚነካን የኩባው ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው እዚሁ ኢታንግ ከተጠለሉት መካከል ወደ 600 የሚጠጉ ልጆች በመርከብ ወደ ኩባ ተልከዋል። ብዙዎቹ ገና ሕፃናት ነበሩ። እዚያ ተምረው ሐኪም፣ መሐንዲስ የሆኑ አሉ። ከባሮ ዳር ተነስተው ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች ደሴት ደረሱ ማለት ነው። ያ ድጋፍ ሙሉ ነበር፤ የመርከቡን፣ የልብሱን፣ የምግቡን፣ የመጽሐፉን ጨምሮ። ፖለቲካውን ለሌላ ቀን እንተወውና አንድ ነገር እንያዝ፦ ከቤቱ ደጅ ጀምሮ ቆጥሮ የደገፈ ሥርዓት ሲኖር ከኢታንግ ድንኳንም ሐኪም ይወጣል።

አሁን ወደ እናንተ ዘመን እንምጣ።

ኢሕአዴግ በ1983 ዓ.ም. ሲገባ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባ፣ አለማያና አስመራ ነበሩ፤ አስመራ ደግሞ ወዲያው ከኤርትራ ጋር ሄደች። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው፤ ጋምቤላም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ይህን ሁሉ ተማሪ በነጻ አብልቶ ማስተማር እንደማይቻል መንግሥት ቀድሞ ነው ያየው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ በዋናነት እስከ 10ኛ ክፍል እንደሚሆን፣ ከዚያ በላይ ወጪ መጋራት እንደሚመጣ፣ ተማሪውም ከተመረቀ በኋላ በአገልግሎት ወይም በገንዘብ የሚከፍልበት መንገድ እንደሚዘጋጅ ጽፏል። «በአገልግሎት ወይም በገንዘብ» የሚለውን ልብ በሉ።

ሥራ ላይ የዋለው በደንብ ቁጥር 91/1995 ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የገባ ተማሪ ውል ይፈርማል። የምግቡንና የማደሪያውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። ሲመረቅና ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል፤ አሠሪው ቆርጦ ለገቢዎች ያስገባል። መምህር ለመሆን የሚማሩትና መንግሥት የሚወስናቸው ሌሎች ባለሙያዎች ከገንዘብ ይልቅ በአገልግሎት ይከፍላሉ። የ1957ቱ ሐሳብ እዚህች አንቀጽ ውስጥ ተርፋለች ማለት ነው።

ሐሳቡ የመጣው በአብዛኛው ከአውስትራሊያ ነው። አውስትራሊያ በፈረንጆቹ 1989 የጀመረችው ሥርዓት አለ፤ ተማሪው ሲገባ ምንም አይከፍልም፣ ተመርቆ ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ብቻ በግብር መሥሪያ ቤት በኩል ይቆረጥበታል። ገቢው ካላለፈ አይቆረጥም።

እዚህ ላይ ለደንቡ አንድ ጥብቅና ልቁምለት። ብዙዎቻችሁ «ኮስት ሼሪንግ ደሃውን ለመጉዳት የመጣ ነው» ትላላችሁ። መነሻው ግን እንደዚያ አይደለም። አስቡት፤ አንድ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደሃ መሆኑን በምን ታውቃለህ? አዲስ አበባ ያለ አባት የደመወዝ ወረቀት ሊያሳይ ይችላል። የጂካዎ አባት ግን ከብት ነው ያለው፤ የጆር አባት በቆሎና ዓሣ፤ የመንገሺ አባት ማርና ቡና። የደመወዝ ወረቀት የለም። ከቀበሌ ደብዳቤ ጻፍልኝ ብትል ቀበሌው ለሁሉም ይጽፋል፤ ወይ ለሚያውቀው ብቻ ይጽፋል። ስለዚህ የደንቡ ብልሃት ጥያቄውን ማዘግየት ነው። «ሲገባ ደሃ ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ግባ፣ ብላ፣ ተማር። ሥራ ስትይዝ ደመወዝህ ራሱ ይነግረኛል።» ለእንደ ጋምቤላ ያለ ክልል ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። ልጁ አንድ ብር ሳይይዝ በሩን ያልፋል።

ታዲያ የት ተበላሸ? ሁለት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛው ከበሩ በፊት ነው። ከጋምቤላ አዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በጎሬና በመቱ በኩልም ሂዱ፣ በደምቢ ዶሎም ሂዱ። ምደባ ሲወጣ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አይቆምም፤ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ ጅግጅጋ፣ አንዱ ዲላ ይደርሰዋል። የአውቶቡሱ፣ የመንገድ ላይ አልጋው፣ የአንሶላና የብርድ ልብሱ፣ የሳሙናው፣ የደብተሩና የፎቶ ኮፒው ገንዘብ በደንቡ ውስጥ የለም። ከቆላ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ የሚያርፍ ልጅ ጃኬት ያስፈልገዋል፤ ጃኬት ኮስት ሼሪንግ ውስጥ አይቆጠርም። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ምደባው ከወጣ በኋላ ቤተሰቡ ጥጃ እስኪሸጥ ጠብቆ መመዝገቢያው ሊያልፍበት ለጥቂት ነው የደረሰው። መንገድ ሲዘጋ ወይም ባሮ ሞልቶ ሰፈር ሲያጥለቀልቅ ደግሞ ለመሸጥ የታሰበው ነገር ራሱ አይኖርም።

ይህ ወጪ ሊቆጠር የማይችል ሆኖ አይደለም። ማስረጃው እዚሁ ጓሯችን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከፈረንጆቹ 1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ገንዘብ የሚያስኬደው «ዳፊ» የሚባል የስደተኞች የዩኒቨርሲቲ ድጋፍ አለ። በኩሌ፣ በጄዊ፣ በፑኝዶ የተጠለሉ የደቡብ ሱዳን ልጆች በዚህ ተምረዋል። ዳፊ ከትምህርት ክፍያ አልፎ ምግብን፣ መጽሐፍን፣ መጓጓዣን ይቆጥራል። ይህን የምለው ለቅናት አይደለም። ቅድም እንዳልኳችሁ ይህች አገር ለጎረቤት ልጅ ከፍላ ታውቃለች፤ ያኮራል እንጂ አያስቆጭም። የምለው፣ መንገዱን መቁጠር እንደሚቻል አይተናል ነው። ለስደተኛው የተቆጠረው መንገድ ለአስተናጋጁም ልጅ ይቆጠር።

ሁለተኛው የተበላሸበት ቦታ መውጫው ላይ ነው። ደንቡ «ሥራ ስትይዝ ትከፍላለህ» ይላል። በተግባር ግን ተመራቂው ቴምፖራሪ ይዞ ይወጣል፤ ኦርጅናል ዲግሪውንና ይፋዊ ትራንስክሪፕቱን የሚያገኘው ዕዳውን ከፍሎ ክሊራንስ ሲያመጣ ነው። ደመወዝተኛው ችግር የለበትም፤ እየተቆረጠለት ይጨርሳል። ሥራ ያላገኘውስ? አንዳንድ ቀጣሪ «ኦርጅናል አምጣ» ይላል። ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ስትወዳደር ይፋዊ ትራንስክሪፕት ትጠየቃለህ። ስለዚህ ገቢ የሌለው ሰው ገቢ ለማግኘት አስቀድሞ መክፈል አለበት። ከገቢ ላይ እንዲቆረጥ የታሰበው ዕዳ ገቢ ከሌለው ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠየቅ ሆነ። አባቱ ከኪሱ የሚከፍልለት በሳምንት ጨርሶ ዲግሪውን ያወጣል፤ የደሃው ልጅ ዲግሪ መዝገብ ቤት ተቆልፎ ይቀመጣል። ሲገባ «ደሃ ነህ ወይ?» ተብሎ ያልተጠየቀው ልጅ ሲወጣ ተጠየቀ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሂሳቡ ራሱ እያደገ ነው። አንድ ላይ እናስላው። ለብዙ ዓመታት የተማሪ የቀን ምግብ በጀት 15 ብር ነበር። ነን ካፌ የነበራችሁ በወር 450 ብር ትቀበሉ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በዓመት 10 ወር ብንል 4,500፣ በሦስት ዓመት ዲግሪ 13,500 ብር። በኋላ 22 ብር ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር አደገ። እውነቱን ለመናገር መጨመሩ ግድ ነበር፤ በ22 ብር ሦስቴ የሚበላ ሰው የለም። ነገር ግን ደንቡ የምግብን ወጪ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ድርሻ አድርጎታል። በዚሁ ከሄድን በወር 3,000፣ በዓመት 30,000፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር ከምግብ ብቻ ይመጣል። 10,000 ብር ደመወዝ የሚያገኝ ሰው 10 በመቶ ቢቆረጥበት ይህን ለመጨረስ 10 ዓመት ይፈጅበታል። ይቆረጥበት፣ ደግ። 120,000 ብር አምጥተህ ዲግሪህን ውሰድ ግን ከ13,500ው ጋር አንድ አይደለም። የመያዣው ነገር ትናንት ያስቸግር ነበር፤ ነገ በሩን ጨርሶ ይዘጋል።

በላዩ ላይ የራስ ገዝነቱ ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እንዲሆኑ መንገድ ተከፍቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆኗል። ራስ ገዝ ሲሆኑ ከፋይ ተማሪ ይቀበላሉ፤ መንግሥት ደግሞ የሚመርጣቸውን ይደግፋል። ጥያቄው በምን ይመርጣል ነው። በውጤት ብቻ ከሆነ የምናውቀውን እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጣው በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ የፊዚክስ መምህር መንፈቅ ሙሉ በሚጠፋበት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ በዚያ ውድድር የት እንደሚቆም እናንተ ትነግሩኛላችሁ እንጂ እኔ አልነግራችሁም። ውጤት ጎበዝን ይለያል፤ ደሃን ግን አይለይም። የመንግሥት ድጋፍ በውጤት ብቻ ከተከፋፈለ ገንዘቡ ጥሩ ትምህርት ቤት ለመማር ገንዘብ ወደነበረው ቤት ተመልሶ ይሄዳል።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ተነስቼ የምለው ይህን ነው። ወጪ መጋራት ይቅር አልልም። 40 ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. አሠራር አይሄድም። የምለው ደንቡ የራሱን ቃል ይጠብቅ ነው። ሥራ ስትይዝ ትከፍላለህ ካለ፣ ሥራ ያልያዘውን ሰው ዲግሪ አይያዝበት፤ ግብር የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ዕዳውንም ይሰብስብ። «በአገልግሎት ወይም በገንዘብ» የሚለው ደግሞ ይስፋ። ሥራ ያጣ የሒሳብ ተመራቂ ዋንቱዋ ወይም አኮቦ ሄዶ አንድ ሁለት ዓመት ቢያስተምርና ዕዳው ቢሰረዝለት ማን ይጎዳል? ትምህርት ቤቱ መምህር ያገኛል፤ ልጁ ዲግሪውን ያገኛል። በ1957 ዓ.ም. ተሞክሮ የሠራ ነገር ነው። ሦስተኛው፣ ከሩቅ ክልል ለሚመደብ ተማሪ የመጀመሪያው ዓመት መንገድ ይቆጠር፤ ዕዳው ላይ ተጨምሮም ቢሆን። የዚያች አውቶቡስ ዋጋ ከአራት ዓመቱ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም፤ ግን ልጁን የምታስቀረው እሷ ናት።

ለእናንተ ለራሳችሁ ደግሞ ሁለት ነገር። በ15 ብሩ ዘመን የተማራችሁና ዛሬ ደመወዝ ያላችሁ፣ ዕዳችሁ ስንት እንደሆነ ከሬጅስትራር ጠይቁና ጨርሱት። ያኔ ተራራ የመሰለው ቁጥር ዛሬ ከአንድ ስልክ ዋጋ ላይበልጥ ይችላል። መምህር የሆናችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ያገለገላችሁበትን ዘመን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤታችሁ አውጡ፤ በአገልግሎት የሚለው የተጻፈው ለእናንተ ነው።

ሌላው፣ ምደባ በወጣ ቁጥር በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየማኅበሩ፣ በየዘመዱ ለአንድ ልጅ መንገድ የሚዋጣ ገንዘብ አለ። ይህን ነገር ከዘር ከጎሳ አውጥተን፣ በትምህርት ቤት ብናደርገው ይሻላል ባይ ነኝ። በአንድ ዓመት አብራችሁ 12ኛን የጨረሳችሁ፣ አኙዋም ሁኑ ኑዌር፣ ማጃንግም ሁኑ ኦፖ፣ ኮሞም ሁኑ ከደጋ የመጣችሁ፣ በየዓመቱ ከትምህርት ቤታችሁ የሁለት ልጅ መንገድ ብትሸፍኑ ብዙ ነው። የማን ልጅ ነው ሳይሆን ማን መሄጃ አጣ ብሎ የሚጠይቅ መምህር በየትምህርት ቤቱ አይጠፋም።

ከ1996 ዓ.ም. በፊት የተማራችሁ ታላላቆቻችን፣ በተለይ ከክፍለ ሀገር መጥታችሁ በድጎማ የኖራችሁ ወይም የአገልግሎቱን ዓመት ገጠር ያሳለፋችሁ ካላችሁ፣ ያያችሁትን ከታች ጻፉልን። ልጆቹ ያነቡታል። ዲግሪያችሁ እስካሁን መዝገብ ቤት ያለ ደግሞ በየትኛው ዓመት እንደተመረቃችሁ ብቻ ጻፉ። ስም አያስፈልግም። ስንት እንደሆንን እንቁጠር።